ዳኛ አይጨመርልኝ ያለችው ልጅ

ያን ቅዳሜ በሸዋሮቢት የወጣቶች አዳራሽ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የክርክሩ ርዕስ «የአገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ቁጥር ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ?» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሰው የመጣው ለርዕሱ ሳይሆን ኑርሃን ሱሌይማን ስትከራከር ለመስማት ነው። ሕግ ተመርቃ ከተመለሰች ወዲህ አፏን የሚችል ጠፍቷል።

ከፊቷ የቆመው አዲሱ የሥነ ዜጋ መምህር፣ የማጀቴው ልጅ ረድዋን ነበር።

«ይጨመር!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «መዝገብ ተቆልሎ ሰው ይንከራተታል። ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ ሲፈርድ አደጋ አለው። የኛን ሽማግሌዎች እዩ፤ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ካኮረፉ የሰው ትዳር ቀረ ማለት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት የኑርሃን አጎት ሐጂ ማሕሙድ ግን አልሳቁም። በእነሱ ቤተሰብ ሴት ልጅ ስትጠየቅ እሺ ወይም እምቢ የሚሉት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሦስቱ አውራ ደግሞ እሳቸው። ምስኪን ረድዋን ይህን በምን ይወቅ!

ኑርሃን ተነሳች። «ጥያቄው መቼና በማን ይጨመር ነው። ፍርዱ ያልጣመው ሁሉ የራሱን ሰው የሚጨምር ከሆነ፣ ነገ ተረኛውም መጥቶ ይጨምራል። ያ ዳኝነት ሳይሆን ቲፎዞ ማብዛት ነው!»

ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ረድዋን ራሱ አጨበጨበላት። ተሸንፎ እንዲህ ደስ የሚለው ወንድ አይታ አታውቅም። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ልትቀጥል ያሰበችው ነገር ሁሉ ጠፋት።

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። በሮቢ ወንዝ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ቀጠለ፣ በስልክም ቀጠለ፣ ውሎ አድሮም ስለ ዳኞች መሆኑ ቀረ። መስከረም ሲጠባ ረድዋን ከማጀቴ ሽማግሌ ላከ። የኑርሃን አባትም የቤቱን ሦስት ሽማግሌዎች ለዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀጠሯቸው።

ሐሙስ ዕለት አክስቷ ፈይዛ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች።

«ሁለት ለአንድ ነው፤ ጉድ ሆነሻል! ወንድሜ ማሕሙድ ያን ቀን ተሰድቤያለሁ ብሎ ቂም ይዟል፤ አንደኛው ደግሞ ከሱ ቃል አይወጣም። ግን መላ አለኝ። እኔና የእናትሽ ወንድም እንጨመር። አባትሽን አሳምኜዋለሁ። ሦስት ለሁለት፣ አለቀ!»

የኑርሃን ልብ ዘለለ። አክስቷን ልታቅፍ እጇን ዘረጋችና መሃል ላይ ቆመች። የገዛ ንግግሯ ከአዳራሹ ተከትሏት የመጣ መሰላት። ለረድዋን ደውላ የአክስቷን መላ ነገረችው።

«ይጨመር ባዩ አንተ ነበርክ። አሁንስ ምን ትላለህ?»

 

«ወላሂ፣ ይጨመር ማለት አምሮኛል» አለ ረድዋን። «ግን እኔ የወደድኩት ያን ቀን የተናገረችውን ልጅ ነው። አንቺ የወሰንሽው ይሁን። እምቢ ካሉ እሺ እስኪሉ ደጅ እጠናለሁ።»

ዓርብ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በእንዲህ ያለ ቀን የምትጠየቀው ልጅ አትታይም፤ ወጉ ነው። ኑርሃን ግን ሻሿን አስተካክላ ገባች። 

«አጎቴ፣ ለድፍረቴ አውፍ ይበሉኝ። ሁለት ሰው እንጨምርልሽ ተብዬ ነበር። እንደማሸንፍም አውቃለሁ። እምቢ አልኩ።»

አባቷ አቀረቀሩ።

«ረድዋን የተናገረው እርስዎን ሳያውቅ ነው። እኔ እወደዋለሁ።» በዚያ ቤት እንዲህ በአደባባይ ተብሎ አያውቅምና ራሷም ደነገጠች። «እምቢ ካላችሁ አለቅሳለሁ፤ ዳኛ ግን አልጨምርባችሁም።»

ሐጂ ማሕሙድ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። «ማሸነፍ እየቻልሽ? ለምን?»

«ዛሬ በሰው ብዛት ባሸንፍዎ ነገ በምን ዓይኔ አየዎታለሁ?»

ሽማግሌው ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ያ ልጅ እውነቱን ነው» አሉ። «አኩርፌ ነበር። ባኮረፈ ሆድ ደግሞ አይፈረድም። እኔ እሺ ብያለሁ።» ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሏቸው። ሐጂ ግን ገና አልጨረሱም። «ፈይዛም ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ትቀመጥ። ለዚህኛው አይደለም፤ ይሄ አልቋል። ለሚመጣው፣ ማን እንደሚጠየቅ እንኳ ሳናውቅ።»

ኑርሃን ሽማግሌዎቹ የመረቋትን ምርቃት አልሰማችም። እየሮጠች ወጣች። ረድዋን ከአስፋልቱ ማዶ ሐብሐብ የሚገዛ መስሎ ቆሟል።

«ሦስቱም!» ብላ ጮኸች።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሦስቱም እምቢ?»

ሳቅና ትንፋሽ አንቋት መናገር አቃታት። ረድዋን ግራ ቀኙን ሳያይ አስፋልቱን ተሻገረ፤ ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀበት። አጠገቧ ሲደርስ ዓይኖቿ በእንባ ሞልተዋል።

«እሺ አሉ፣ አንተ! ሦስቱም እሺ አሉ!»