በሩ የዞረባት አሮጊት

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ተዘግቷል? በደንብ እዩት፤ የምነግራችሁ የበር ነገር ነው።

ድሮ ስንሻው የሚባል ሰው ነበር። ያደገበት የድንጋይ ሰፈር በጦርነት ፈርሶ ኋላ እንደ ድሮው ተሠራ ሲሉት ሊያየው መጣ። እህቱ ብርነሽ ከታደሱት ቤቶች አንዱ ደርሷት እዚያው ትኖር ነበር። ጠዋት ሰፈሩን ሊጎበኝ ሲወጣ አስጠነቀቀችው፤ ከመሸ በኋላ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ብትሰማ እንዳትመልስ፣ ከመለስክ እኔ ቤት አታድርም አለችው። ሌላ ማደሪያ ደግሞ አልነበረውም።

ስንሻው ዞረ፣ ዞረ። ግንቡ ያው፣ ደረጃው ያው፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ። ሲያይ ሲያይ መሸበት። መንገዱ ላይ ማን ነበር? ማንም አልነበረም። ድመት እንኳ የለም።

ከኋላው፣ ከሩቅ፣ «ቤቶች!»

የእህቱ ነገር ትዝ አለውና ፈጠን ፈጠን አለ።

ቀረብ ብሎ፣ «ቤቶች!»

ዞር ሲል የነጠላ ጫፍ አየ። ቀጥሎ ነጠላውን አየ። ቀጥሎ አሮጊቷን አየ። እግሯንስ? እግር የላትም።

«ቤቶች!» አለች ጆሮው ሥር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰው ደጅ ሆኖ ሲጣራ ምን በሉ ተብለን ነው ያደግነው? ከአፉ አመለጠው።

«ደጆች!»

«ተመስገን» አለች አሮጊቷ። «እኔ የሞትኩት ከጦርነቱ በፊት ነው። ቤቴን መልሰው ሲሠሩት በሩን በጓሮ በኩል አዞሩብኝና ጠፋኝ። ስጣራ የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ።»

ስንሻው ሮጠ። እሷም ተከተለችው፤ እግር የሌለውን ሰው ሩጫ ምን ያደክመዋል? ብርነሽ በሩን ስትከፍት አሮጊቷ ቀድማ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን ዳበሰች። ጣሪያውን አየች።

«ይቺማ የኔው ቤት ናት» አለች።

ወንድምና እህት ተያይዘው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ጓ ብሎ ተዘጋ።

«እኔ ቤት አታድርም አላልኩህም?» አለችው ብርነሽ።

«አንቺም አታድሪም» አላት።

ብርዱ ጠና። ብርነሽ ቢቸግራት በሯን ቆረቆረችና ቀስ ብላ «ቤቶች?» አለች።

«ደጆች!» አለች አሮጊቷ ከውስጥ። «ዛሬ ደክሞኛል ልጆቼ፣ ነገ ኑ።»

ስለዚህ ከመሸ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም አፋችሁን ያዙ።

እስቲ ዝም በሉ። ውጭ የሚሰማው ምንድነው?

«ቤቶች!»

ማነው አሁን የመለሰው?