ሆን ተብሎ የደበዘዘ ኮከብ

ሉዶቪክ ያጠፋው በደግነት ነው። ይህን ማንም አይክድለትም።

ኬቤክ ውስጥ፣ ተራራ አናት ላይ ባለ የኮከብ መመልከቻ ቴሌስኮፑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ማርጆሌን የዶክትሬት ተማሪ ናት። አንዲት ሩቅ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን ቅንጣት ታህል ይቀንሳል፤ ያቺን ቅንጣት ዓይን በማያየው፣ ከቀይ በሚያልፈው ብርሃን ልትለካ መጣች። ከሳምንት በኋላ ኮከቡ በሌሊት የሚታይበት ወቅት ያበቃል፤ ጽሑፏን የምታስረክበውም በግንቦት ነው። ለዚህ የተሰጣት ያቺ አንድ ሌሊት ብቻ ናት።

ሾርባ ልታሞቅ ወደ ታች ወርዳ እንቅልፍ ጣላት። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ስትመለስ ሉዶቪክ እየሳቀ ጠበቃት።

«ኮከብሽ ደብዝዞብሽ አገኘሁት። አጥርቼልሻለሁ! ይኸው፣ እንደ መርፌ ጫፍ!»

«አንተ ሰውዬ! ሆን ብዬ እኮ ነው ያደበዘዝኩት! ብርሃኑ አንድ ቦታ ከተከማቸ ካሜራው ሞልቶ መለካት ያቅተዋል። ምናለ ብትጠይቀኝ?»

ፕላኔቷ አልፋ ልትጨርስ ነው። ማርጆሌን ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ በምትመጣበት ሌሊት ሁሉ ፈረቃ እየለመነ ተረኛ የሆነው ሉዶቪክ አመድ መሰለ።

እዚያ ቤት ሌሊት በደመና ከጠፋ ዕድልህ ነው፣ አይተካም። በሠራተኛ ጥፋት ከሆነ ይተካል። ሉዶቪክ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ሁለተኛው ያሰናብተዋል።

ማርጆሌን እያንዳንዱ ሌሊት እንዴት እንዳለፈ የሚጻፍበትን መዝገብ ሳበች። በጣም ተናዳበታለች። ፊቱን ቀና ብላ ስታይ ግን እውነቱን ለመጻፍ እጇ እምቢ አላት። «ደመና» ብላ ጽፋ ልትተኛ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የመመልከቻው ኃላፊ ማዳም ቦልዱክ ደወሉላት።

«ሌሊትሽ ተተክቷል። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፕላኔቷ ዳግም ስታልፍ ነው።»

«ደመና ነበር ብዬ...»

«ሉዶቪክ ሰርዞታል።»

ሮጣ መዝገቡን ከፈተች። በቃሏ ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ከሥሩ በእሱ ጽሕፈት፦ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ዕቃውን መኪናው ላይ ሲጭን ደረሰችበት።

«አብደሃል? እንጀራህ እኮ ነው!»

«አንቺስ? ፕላኔትሽን ለኔ ብለሽ? ለምን ዋሸሽ?»

«ስለምወድህ ነዋ፣ ደደብ!»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሉዶቪክ የያዘው ሻንጣ በረዶው ላይ ወደቀ።

«እኔም እኮ፣» አለ። «ከመጀመሪያው ሌሊትሽ ጀምሮ።»

በሦስተኛው ሌሊት ቴሌስኮፑን ሌላ ሰው ያዘ። ፕላኔቷ አለፈች፤ ብርሃኑ ልክ በሰዓቱ ቀነሰ፣ በሰዓቱ ተመለሰ። ጎህ ሲቀድ ማርጆሌን ከመምህሯ በፊት ለሉዶቪክ ደወለችለት። የመኪና ድምፅ ይሰማታል።

«አለፈች?»

«አለፈች! የት ነህ አንተ?»

«የመንደሩ በረዶ መጥረጊያ መኪና ላይ። ከትናንት ጀምሮ ሥራዬ ነው። ቀስ ብለሽ ውረጂ የኔ ቆንጆ፤ መንገዱን እስከ መመልከቻው በር ጠርጌልሻለሁ።»