ሰባተኛው መስኮት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

እንጀራዬ ወሬ ነው። እንግዶችን በእግር እያዞርኩ የመሀል ከተማውን የድሮ ሕንጻዎች አስጎበኛለሁ። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ እለፈልፋለሁ፤ ታናሽ እህቴ ማንም እንዳይቀር ቢጫ ባንዲራ ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

የመጨረሻው ማረፊያችን ድሮ ፖስታ ቤት የነበረ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ነው። ከመንገድ ሆናችሁ ፎቁን ብታዩ ሰባት መስኮት ትቆጥራላችሁ።

ፎቁ ላይ ወዳለው ሰፊ ክፍል ስትገቡ ግን ስድስት ነው።

ሰባተኛው ለመልክ ብቻ የተሠራ ነው። መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ግን ድፍን ግድግዳ ነው።

እንግዶቹን ለማሳቅ አንድ ጨዋታ ፈጥሬ ነበር። ከክፍሉ ስንወጣ የመጨረሻው ሰው ያንን ግድግዳ ሦስቴ ያንኳኳና «ደህና ይዋሉ፣ ባለቤት» ይላል። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው...

ያን ቀን የመጨረሻዋ እህቴ ነበረች። ደረጃው ላይ ሆኜ ሦስቴ ስታንኳኳ ሰማኋት።

ከዚያ... ከግድግዳው ውስጥ ሦስቴ ተንኳኳ።

እንግዶቹ ሳቁ። የእኔ ተንኮል መስሏቸው ነው።

«ጋሼ...» አለች በሹክሹክታ። «ግድግዳው ይሞቃል።»

«ተይው፣ ነይ ውረጂ።»

«እጄን...»

ሮጬ ተመለስኩ። ባንዲራው ወለሉ ላይ ወድቋል። እሷ የለችም። ክፍሉ ደግሞ እኔ ከገባሁበት ሌላ በር የለውም።

ከእንግዶቹ መሀል አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ከመንገድ ሆነው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያቺ እህትህ አይደለችም?»

ወርጄ ቀና አልኩ። ሰባተኛው መስኮት ውስጥ ቆማለች። መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም።

ፖሊስ መጣ። ከመንገድ አያት፣ ፎቅ ወጥቶ አጣት፣ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ግንበኛ ለምኜ ግድግዳውን ከውስጥ አስበሳሁት። እስከ መስታወቱ ድረስ ድንጋይ ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ እንኳን ሰው አይጥም አትገባም» አለኝና የላቡን ዋጋ እንኳ ሳይቀበል ሄደ። እኔ ስወርድ ግን አሁንም እዚያው ቆማለች።

እናቴ እህትህን የት ጣልካት እያለች ትጠይቀኛለች። «አያታለሁ፣ እጄ ግን አይደርስም» እላታለሁ።

በየቀኑ ከመስኮቱ ሥር እቆማለሁ። ሰሞኑን መስታወቱን መደብደብ ተወች። ቆይታ ማልቀሱንም ተወች። ያ ከሁሉ ይብስብኛል።

ትናንት ጀርባዋን ሰጥታኝ አገኘኋት። እጇን እያወራጨች ለሆኑ ሰዎች ትናገራለች። ብዙ ናቸው... ፊታቸው አይለይም።

ከዚያ ዞር አለችና በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

ሁሉም ወደ መስታወቱ ተጠግተው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ እኔን ይጎበኙኝ ጀመር።