ተኪ እስክታመጪ ድረስ

ያ ቤት ምን ጎደለው? ግድግዳው ደህና፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የተሠራ ትንሽ ፎቅ ቤት ነበር፤ ታች አንድ ክፍል፣ ላይ አንድ ክፍል፣ መሀላቸው የእንጨት ወለል። ታች መጋረጃ እየሰፉ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ይኖራሉ። ላይ አንድያ ልጃቸው ትኖር ነበር። ነበር! ይህች ቃል ስንቱን ቤት አፍርሳለች! ልጅቷን አፍላ ዕድሜዋ ላይ ሳለች ሕመም ጣላት። ደህና በዋለችበት ቀን ከአልጋዋ ትነሳና ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ቀስ እያለች ትመላለሳለች፤ እናት ከታች የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያንን እርምጃ ይሰማሉ። ተራመደች ማለት ዛሬም አለች ማለት ነው። የትኛው የምሥራች ከዚያ ይበልጣል? አንድ ጠዋት ግን ከላይ ምንም አልተሰማም። ጠበቁ… ጠበቁ… መጋረጃውን ከነመርፌው ጥለው ሲወጡ ልጅቷ ቀዝቅዛ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እኚያ እናት ለብዙ ጊዜ ያንን ደረጃ አልረገጡትም።

ሐዘን ሰውን ስንት ዓይነት ያደርገዋል! አንዱን ያሰክራል፣ አንዱን ያመነኩሳል፤ እኚህን ሴት ግን ጆሮ ብቻ አደረጋቸው። መጋረጃ ሊያሠራ የገባ ደንበኛ ልኩን ሳይናገር «እስቲ አንዴ ጸጥ በሉ» ይሉና ዓይናቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ። ባዶው ክፍል ውስጥ ሰው ይሄዳል። እሳቸው ይሰሙታል፤ ሌላው አይሰማም። ሰፈሩ «እማማ ጸጥታ» የሚል ስም አወጣላቸው። ተረበኛው «ከአይጥ ጋር ቀጠሮ አላቸው» እያለ ይስቃል፤ ምን ያድርግ፣ ያልደረሰበት ሰው ይስቃል። በመጨረሻ ያ የማይታይ እርምጃ ቀልብ ሲነሳቸው ክፍሉን ለማከራየት ቆረጡ። ሥጋ ለባሽ ሰው ቢረግጠው ይሻላል ብለው ነው እንጂ ኪራዩ አጓጉቷቸው አልነበረም። አመራረጣቸው ታዲያ ጉድ ነው። ደላላው ሰው ይዞ ሲመጣ አብረው አይወጡም። «ውጡና እዩት፣ ወዲያ ወዲህ በሉበት» ይሉና ታች ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ሲወርዱ «አይሆነኝም» ይላሉ። ደላላው ቢታክተው ሌላው አከራይ የሰው ኪስ ያያል፣ እርስዎ የሰው እግር ይሰማሉ አላቸው። እውነቱን ነበር፤ እሱ ግን የቀለደ መስሎታል።

አንድ ቀን አንዲት ልብስ ተኳሽ መጣች። ላውንደሪ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ የምትውል፣ እጇን ካውያ ያቃጠላት፣ ሳቂታ ሴት። ደላላው «ተኳሽ ናት» ሲል እማማ ጸጥታ ደንገጥ ማለታቸውን አይታ፣ አይፍሩ የምተኩሰው ሸሚዝ ነው ብላ አሳቀቻቸው። ወጣች። መቆም ያሳበጠው ግራ እግሯ ትንሽ ይጎተታል… ከመስኮቱ እስከ በሩ… ከበሩ እስከ መስኮቱ… መቀሱ ከእማማ ጸጥታ እጅ ወደቀ። ያችው አረማመድ! ያችው ቀስታ! አፋቸውን በመጋረጃ ጨርቅ አፍነው አለቀሱና፣ ሲወርዱላቸው «ይሁን፣ ትግባ» አሉ። የአንድ ዓመት ውል ተጻፈ። የላውንደሪው ባለቤት ዋስ ሆኖ ፈረመላት። ደላላው እንደ ልማዱ፣ ተከራይዋ ጊዜው ሳይደርስ መልቀቅ ከፈለገች አከራይዋን የሚስማማ ተኪ ሰው ታምጣ የሚል ቃል አስገባበት። ያን ጊዜ ማን ልብ አለው?

እማማ ጸጥታ ነፍስ ዘሩ። ማታ ተኳሿ ከሥራ ስትገባ እሳቸው መኪናቸውን አቁመው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ ከላያቸው ትመላለሳለች። ያ የባዶ ክፍል እርምጃ ጠፋ። ወይስ ከዚህኛው ጋር ተደባለቀ? እሳቸውም መለየት አልፈለጉም። ከደንበኛ ጋር መሳቅ ጀመሩ። ተኳሿ መጋረጃ ስትተኩስላቸው «እጄ ይባረክ በሉ» ትላቸዋለች፤ «እግርሽም ይባረክ» ይላሉ። እሷ ምን ታውቃለች? የሽማግሌ ምርቃት መስሏት «አሜን» ትላለች።

ደስታ ግን የድሃ ቤት ቶሎ የሚሰለቸው እንግዳ አይደለም? የተኳሿ እናት ሩቅ አገር ወንድሟ ዘንድ ነበሩ። ልባቸው ደክሟል፣ እግራቸው ያብጣል። ወንድሟ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ስለሆነ እናታችንን ውሰጂ ብሎ ላከባት። እሷም ከላውንደሪው አጠገብ ደረጃ የሌለው ክፍል አገኘች፤ የክፍሉ ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቃት ተስማማ። ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ላስቸግርዎ ነው። ቤቱን ከጊዜው በፊት ልልቀቅ።»

«ምን አጠፋሁብሽ?»

«ኧረ እርስዎ ምንም። እናቴ ልትመጣ ነው። ሐኪሙ ደረጃ ገዳይዋ ነው ብሏል።»

እማማ ጸጥታ ዓይናቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። ምን ነበር የሰሙት? ከላያቸው የሚወርደውን ያንን የድሮ ዝምታ ነበር የሰሙት! ከዚያ፣ ያቺ ደግ ሴት፣ ያቺ በልጅ ሞት የተቃጠለች እናት፣ ዓይኗን ስፌቱ ላይ ተክላ «ተኪ አምጪና ሂጂ ልጄ። ውሉም ይኼንኑ ነው የሚለው» አለች።

ልጅቷ እጃቸውን ስማ ወጣች። ተኪ ማምጣት ምን ያቅታል? የሰፈሩ ግማሽ ቤት ፈላጊ ነው። በዕረፍቷ ቀን አንድ አስተማሪ አመጣች። አስተማሪው ወጣ፣ ተራመደ፣ ወረደ። እማማ ጸጥታ «ይኼ ሰው ይቸኩላል፤ ቸኳይ ሰው ቤት ያቃጥላል» ብለው መለሱት። አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አመጣች፤ «ጫማዋ ያንቋቋል» ተባለች። ምስኪኗ ጫማዋን አውልቃ ብትሄድላቸው «አሁን ደግሞ ኮቴዋ ጨርሶ አይሰማም» አሏት። አዲስ ሙሽሮች መጡ፤ እነሱ ላይ እንኳ ሰበብ አላጡም፣ አራት እግር ለአንድ ክፍል ይበዛል አሉ። ተኳሿ ሳቅም ልቅሶም እየተናነቃት፣ እማማ እግር ነው ወይስ ሰው የሚፈልጉት ብላ ጠየቀች። ጥላ ልትሄድ ትችል አልነበረም? ትችል ነበር። ግን ያመናት ዋሷ ይከሰሳል፤ በሰው ስም የማትጫወት ሴት ነበረች። ወሩ አለቀ። የላውንደሪው አጠገብ ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያን ዕለት ልጅቷ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስታ አቃጠለችው፤ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወንድምየው እናቱን አምጥቶ በር ላይ አስቀመጠና የሚመለስበት መኪና እንዳያመልጠው ተጣድፎ ሄደ። ልጅ እናቷን አዘለች! ያቺ እናት ስንት ዓመት አዝላት ነበር፤ ዛሬ ተራው ደረሰ። በእያንዳንዱ ደረጃ እየቆመች፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ «እናቴ አይዞሽ፣ ደረስን» እያለች ወጣች። እማማ ጸጥታ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ… ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ምን ነበር ሊሉት የነበረው? አንባቢ ሆይ፣ ያ ሳይነገር የቀረ ቃል የአንዲት እናት ዕድሜ ነበር።

የልጅቷ እናት ላይኛው ክፍል ሆነው ከመስኮት ውጪ ሰማይ እንጂ ሰው አያዩም። ታዝለው ሲወጡ እንኳ የሞቱ ያህል ደክመዋልና መውረድ የማይታሰብ ሆነ። ሸክም የሆኑ እንዳይመስላቸው ልጅቷ ስለ ቤት መልቀቁ ጉዳይ ትንፍሽ አላለችም፤ እንዲያውም ታች ያሉት እማማ ደግ ናቸው፣ እንደ ልጅ ነው የያዙኝ እያለች ታጽናናቸዋለች። በሽተኛዋ ግን ልጃቸው ከሥራ ውላ መጥታ ውሃ ስታመላልስ፣ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ አንጀታቸው አረረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ደጁን ስትሞላው፣ ዛሬስ ራሴን ችዬ ወርጄ ሞቄ ልጄን ደጅ ቁጭ ብዬ ብቀበላትስ ብለው አሰቡ። ምን ያህል ትደሰታለች! ግድግዳውን ይዘው ተነሱ።

እማማ ጸጥታ ከታች ሰሙ። የማያውቁት እርምጃ ነው፤ ከባድ፣ የሚያርፍ፣ የሚያቃስት… ደረጃው ጋ ደረሰ… ወረደ… ቆመ። ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ። ሮጡ። የልጅቷ እናት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው፣ አየር ያጥራቸዋል። እማማ ጸጥታ በምን ጉልበት እንዳነሷቸው እንጃ፣ ጎትተው ወደ ክፍላቸው አስገቡና የገዛ አልጋቸው ላይ አስተኟቸው። ጎረቤት ጠርተው ወደ ላውንደሪው ሰው ላኩ። በሽተኛዋ እጃቸውን ፈልገው ያዙ።

«እህቴ… ልጄን እንደ እናት ይዘሽልኛል አሉ። ሰው የላትም። አደራ…»

እማማ ጸጥታ ትራሱን አቀኑላቸው። ምን ብለው እሺ ይበሉ? ተኳሿ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች ስትደርስ የእናቷ እጅ ገና ሙቀት ነበረው፤ ግን አልጨበጣትም። እናቴ፣ እኔ እኮ ነኝ እያለች ፊታቸውን ደባበሰች። በቤቱ የነበረ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ከቀብር በኋላ ልጅቷ ዕቃዋን ሸክፋ ቁልፉን ይዛ ወረደች። ዓይኗ ደም ለብሷል፣ ድምጿ ግን እንደ ድሮው ትሑት ነው።

«እማማ፣ ተኪ አላገኘሁም። ግን ልልቀቅ።»

«ተኪ አልፈልግም ልጄ» አሉ እማማ ጸጥታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! «ደግሞስ አትሂጂ። እናትሽ አደራ ብላኛለች። አንቺ ታች እዚህ ግቢ፣ እኔ ላይ እወጣለሁ።»

ልጅቷ አልጋውን፣ በሩን፣ ከደጁ ጋር እኩል የሆነውን ወለል አየች። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት።

«ይኼ ያኔ ታስቦ ቢሆን…» አለችና ቆመች።

መዋሸት ይቻል ነበር። አላሰብኩትም ቢሉ ማን ያውቃል? እማማ ጸጥታ ግን ውሸት ለመሸከም አቅም አልነበራቸውም።

«አስቤው ነበር። አዝለሻት ስትወጪ አስቤው ነበር። አንቺ ታች ከገባሽ ከላዬ የምትራመድልኝ ልጅ አትኖረኝም ብዬ… ዝም አልኩ።»

ስለ ልጃቸው ነገሯት፤ ስለ መስኮቱና ስለ በሩ፣ ስለዚያች ጠዋት ነገሯት። ልጅቷ ሁሉንም ቆማ ሰማች። ያዘነችላቸው ይመስላል፤ እንባዋም ወርዷል። ቁልፉን ግን ከመጋረጃዎቹ መሀል አስቀመጠችው።

«እናቴ በደግ ሴት እጅ ላይ ሞትኩ ብላ ነው የሄደችው» አለች። «እንኳን አላወቀች።»

ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ወደ ላውንደሪውም አልተመለሰችም። ወዴት እንደገባች ዋሷም፣ ደላላውም አያውቁም። እማማ ጸጥታ በየላውንደሪው እየዞሩ «ግራ እግሯን ጎተት የምታደርግ ተኳሽ አላያችሁም?» ይላሉ። የማያውቋቸው ያፌዙባቸዋል፣ የሚያውቋቸው ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ሰው የራሱን እጅ ሥራ ዕጣ ፈንታ ይለዋል፤ ሲጸጸት ደግሞ ዕጣ ፈንታን ይረግማል። ልጅ የሞተባት እናት የሌላውን ልጅ እናት አሳጣች፤ ከዚህ የከፋ ፍርድ ከየት ይመጣል? አደራ ያለችው ሴት መሬት ውስጥ ናት፣ አደራ የተባለላት ልጅ የት እንዳለች አይታወቅም፣ አደራው ብቻ ከአሮጊቷ ጋር ቀርቷል። እማማ ጸጥታ አሁን ላይኛው ክፍል ውስጥ፣ ልጃቸው በሞተችበት አልጋ ላይ ያድራሉ። ታችኛው ክፍል ባዶ ነው። ደላላው እየመጣ ቢለምናቸውም አያከራዩትም። በየጠዋቱ ግድግዳውን ይዘው ይወርዱና አልጋውን አንጥፈው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይመለሳሉ።