ገለባው እስኪራገፍ

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ፣ ፊልም ወይስ ፎቶግራፍ?»

ይርገዱ ይህን የጠየቀችው ባጃጁ ከወረታ ወጥቶ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ የሚወስደውን የአፈር መንገድ ሲይዝ ነው። ፀደይ የሞተሩን ድምፅ ሰበብ አድርጋ ወደ ማሳዎቹ ዞረች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለነገር ሁሉ መልስ አታጣም ነበር። ይህን የእናቷን ጥያቄ ግን እንዳልሰማች አለፈችው።

ይርገዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ወረታ ከተማ መገንጠያው አጠገብ ባለው ፎቶ ቤቷ ጉርድ ፎቶ ስታነሳ፣ በየሰርጉ ቪዲዮ ስትቀርጽ ኖራለች። ኮሌጁ በሥራ ላይ የቆዩ ሰዎችን ዕድሜ ሳይቆጥር እንደሚቀበል ከሰማች ወዲህ ግን እንደ ልጅ ያደርጋታል። ፎቶግራፍ ከመረጠች ትምህርቱ ባሕር ዳር ነው፤ ቅዳሜ ሄዳ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ፊልም ከመረጠች አዲስ አበባ ትከርማለች፤ ያውም ሦስት ዓመት።

ፀደይ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተመለሰችው ገና በመስከረም ነው። አክስቷ ዘንድ ሆና ስትማር ቆይታ፣ እናቴ ናፈቀችኝ ብላ፣ ለምና። መመለሷ ልክ ይሁን አይሁን እስካሁን አልገባትም። የክፍል ልጆች አነጋገሯን እየቀዱ «የሸገር ልጅ» ይሏታል። አሁን ደግሞ እሷ ስትገባ እናቷ ልትወጣ ነው። ነገሩ አንዳንዴ ያስቃታል፤ አንዳንዴ ጨርሶ አያስቃትም።

«ፊልም ከሆነ መሪ ተዋናዩ እኔ ነኝ» አለ ባጃጁን የሚነዳው አባቷ የኔነህ።

«አንተ እንኳን ለፊልም ለጉርድ ፎቶም አትመችም» አለች ይርገዱ።

ኮሌጁ ፎቶግራፍ ለሚመርጥ አምስት ፎቶ፣ ፊልም ለሚመርጥ አጭር ቪዲዮ ላኩ ብሏል። ጣጣው ፎቶዎቹ ላይ ነበር፤ የሚነሱት ሰዎች ካሜራውን ማየት የለባቸውም። ይርገዱ የዓመታት ሥራዋን ብታገላብጥ፣ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃዋ ፊት ቆሞ ካሜራውን ቀጥ ብሎ የማያይ አንድ ሰው አጣች። ስለዚህ ገበሬዎች ሩዝ ሲያጭዱ ላነሳቸው ብላ ወደ አዛውንቱ አያ ባየህ ማሳ መጣች።

አያ ባየህ ካሜራውን ሲያዩ ማጭዳቸውን ጣሉ። ጋቢያቸውን አስመጡ። ሚስታቸውን ወለተ ሚካኤልን ተጣሩ። አጫጆቹም ሥራቸውን ትተው በቁመት ይሰለፉ ጀመር። ይርገዱ እባካችሁ እኛን እንዳላያችሁ ሆናችሁ እጨዱ ብላ ብትለምን፣ አያ ባየህ ተገረሙ።

«ለልጅ ልጆቼ የሚቀረው ጎንበስ ያልኩት ነው? ፊቴንስ በምን ያውቁታል?»

ይርገዱ ልመናዋን ተወች። ሰዎቹ እስኪዘጋጁ ድረስ ብርሃኑን ልሞክር ብላ ካሜራውን ከፍታ ቆየች፤ ከዚያ ቀጥ ብለው የቆሙትን እንደቆሙ አነሳቻቸው። ስትመለስ መንገድ ላይ የሚግጡትን ላሞች አምስት ጊዜ አነሳች። በዚህ በፎገራ ካሜራ የማያይ ፍጥረት እነሱ ብቻ ናቸው ብላ ሳቀች። ቤት ገብተው ሲያዩት አንደኛዋ ላም ካሜራውን አፍጥጣ ታያለች።

በማግስቱ ሐሙሲት ከተማ የምትቀርጸው ሰርግ ነበራት። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ስለቀረው የላሞቹን ፎቶ እንድትልክላት ለፀደይ ነገረቻት።

«ፎቶግራፍ ብለሽ ቅጹን ሙዪው። ባሕር ዳር ይሻላል፣ ቅርብ ነው» አለች፤ ፊቷን ወደ ቦርሳዋ አድርጋ፣ የተዘጋውን ዚፕ መልሳ እየዘጋች።

ፀደይ ደስ አላት። ፎቶ ቤቱን ከፍታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና እናቷ ከተወችላት የካሜራ ካርድ ላሞቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመረች። መጨረሻው ላይ አንድ ቪዲዮ አገኘች። እናቷ ብርሃን ስትሞክር የቀረጸችው ነው። የማይረባ ነው፣ አጥፊው ብላታለች። ከማጥፋቷ በፊት ከፈተችው።

ወለተ ሚካኤል ከቦዩ ውሃ ጨልፋ ፊቷን ትታጠባለች። ወደ ባሏ ትመጣና ከፀጉራቸው ላይ ገለባ ትለቅማለች። አንዱን ስታነሳ ሌላ ታገኛለች። አያ ባየህ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ይሏታል። በነጠላዋ ጫፍ ትከሻቸውን መታ ታደርጋቸዋለች፤ አጫጆቹ ይስቃሉ። ካሜራው ቀስ ብሎ ይከተላቸዋል፤ አይቸኩልም። ከዚያ አንድ ሰው «እሺ» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርቃሉ። እጅ ወደ ጎን፣ ዓይን ወደ ፊት። አንዲት ገለባ ግን የአያ ባየህ ጆሮ ላይ ቀርታለች።

ፀደይ ብቻዋን ሳቀች። ደግማ ከፈተችው። በሦስተኛው መሳቋን ተወች።

ላሞቹን አየች። ጥሩ ላሞች ናቸው። ብትልካቸው ማንም ምንም አይላትም፤ የታዘዘችውም እሱኑ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ማታ እናቷ በሩን አንኳኩታ ትገባለች።  ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ተመለስ ብላ ሰደደችው።

በመጨረሻ ማመልከቻውን ሳትልክ ስልኳን አነሳች። ቪዲዮውን ለእናቷ ላከችና ከሥሩ ጻፈች፦

«እማ፣ ይሄ ፎቶ አይደለም። ላሞቹን አልላክሁም። የቱን እንደምትመርጪ አንቺ ንገሪኝ፣ ግን እኔን ብለሽ እንዳይሆን። እኔና አባዬ እንችላለን። ምግቡን እሱ ካልሠራው።»

እንደተነበበ የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልሱ ግን አልመጣም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ጉርድ ፎቶ ፈላጊው ተመለሰ፤ ፀደይ ኮሌታውን አስተካክሎ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ስልኳን አየች፤ ምንም የለም። ያ መልእክት እስከ ዛሬም መልስ አላገኘም።

አመሻሹ ላይ ባጃጁ በሩ ላይ ቆመ። ይርገዱ አቧራ እንደለበሰች ገባችና ካሜራዋን ሳታወርድ መዝጊያውን ተደግፋ ቆመች።

«አዲስ አበባ መናኸሪያ ወርጄ፣ እስከ አክስትሽ ቤት ታክሲው የሚያዘው በየት በኩል ነው?»

ፀደይ ወንበር ሳበችላት።

«ተቀመጪ፣ እማ። ሦስት ቦታ መቀየር አለው።»