ጠቋሚው ያላለፈበት ጠርዝ

እሑድ ጠዋት፣ ኬንያ ውስጥ፣ በናይቫሻው የአበባ እርሻ መቆጣጠሪያ ክፍል ሦስት ስክሪኖች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረው ነበር። ጠርዛቸው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እያንዳንዱም የሚያሳየው ቁጥሩን የያዘውን፣ አበባው በጋዝ ከተባይ የሚጸዳበትን ክፍል ነበር። ሰኞ ጠዋትም ስክሪኖቹ እዚያው ነበሩ፤ ወረቀቶቹም አልተነኩም። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ግን ጽጌረዳ የሚደረድረው ባራሳ በተባይ ማጥፊያ ጋዝ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ናሊያካ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስትደርስ፣ ጋዙን የከፈተችው ኒያምቡራ በካቴና ታስራ ተቀምጣ ነበር።

«አፋንዴ» አለች፣ ፖሊስ በአክብሮት በሚጠራበት ቃል፤ «ክፍሉ ባዶ መሆኑን አይቼ ነው የከፈትኩት።»

«ሦስተኛው ክፍል?»

«ሦስት የሚለው ስክሪን ላይ ማንም አልነበረም። አንድ የሚለው ላይ ሰው ስላየሁ አንደኛውን አልከፈትኩም።»

የእርሻው ኃላፊ ኪፕሮኖ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ባራሳ ወፍራሟ ብሎ ሰድቧት ‹ቆይ ታገኛታለህ› ብላዋለች። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ብያለሁ!» ጮኸች ኒያምቡራ። «ወፍራሟ ስላለኝ ሰው ልግደል?»

ናሊያካ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማውሱን ያዘች። ጠቋሚውን አንድ ከሚለው ስክሪን ወደ ቀኝ ገፋችው፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ግድግዳ እንደገጠመው ቆመ። ወደ ግራ ገፋችው፤ በግራ ወጥቶ መሃለኛው ስክሪን ላይ ብቅ አለ።

«ይህን አላየሽም?»

«ማውስ አልነካም። አያለሁ፣ የጋዙን ቁልፍ አዞራለሁ፤ በቃ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ሙቲሶ ተጠራ።

«ስክሪኖቹን ያስተካከላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ሲስተም ነው፤ የትኛው ገመድ ግራ፣ የትኛው ቀኝ እንደሆነ አንዴ ነግሬዋለሁ። በራሱ አይቀየርም።» ጠቋሚውን ሲያይ ድምፁ ወረደ። «የግራውና የቀኙ ገመድ ተቀያይሯል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ናሊያካ ወደ ካንቲኑ ሄደች። የእርሻው ሰው ሁሉ ኡጋሊ የተባለውን የበቆሎ ገንፎ እየበላ ነበር፤ ስትገባ ወሬው ቆመ። ግድግዳው ላይ ባሉት ሁለት መደርደሪያዎች አቧራ መሃል፣ በእያንዳንዳቸው አንድ የስክሪን እግር የሚያክል ንጹህ ቦታ አየች። ኒያምቡራንም ኪፕሮኖንም ሙቲሶንም እዚያው አስጠራች።

«ትናንት የእንግሊዝ ሊግ የመጨረሻ ቀን ነበር» አለች። «ዋንጫውን የሚወስኑት ሁለት ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ነበሩ። ሁለት ጨዋታ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወደዚህ የመጡ ሁለት ስክሪኖች። ኒያምቡራ እሑድ አትሠራም፤ ከእሷ ሌላ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ቁልፍ ያለው ኪፕሮኖ ነው። ሙቲሶ መልሷቸው ቢሆን ጠቋሚውን ይሞክር ነበር። የመለሳቸው ሰው ግን ወረቀቱን እያየ በቦታቸው አስቀመጣቸውና እጁ የገባውን ገመድ ሰካ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ገመዱን ነው፤ ወረቀቱን አያነብም። ባዶው አንደኛ ክፍል ሦስት በሚለው ስክሪን ላይ ታየ፤ ባራሳ ደግሞ አንድ በሚለው ላይ።»

ኪፕሮኖ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንዱን ስክሪን የተሸከመልኝ ራሱ ባራሳ ነው» አለ። «እየሳቀ።»

«ዛሬ ጠዋት ለምን አልተናገርክም?»

«አፈርኩ።»

«እና እሷ ትታሰርልህ?»

ሙቲሶ ከጥግ «እኔም እዚህ አይቻቸዋለሁ» አለ። «ሲመለሱ እፈትሻቸዋለሁ ብዬ ነበር። ጎል ሲገባ ረሳሁት።»

ናሊያካ ወደ በላተኞቹ ዞረች። «ስክሪኖቹን ትናንት እዚህ ያየ፣ ዛሬ እሷ ስትታሰር ዝም ያለ፣ እጁን ያውጣ።»

መጀመሪያ የሙቲሶ እጅ ወጣ። ከዚያ የወጥ ቤቷ ሴትዮ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ።

ከሠላሳ ስምንቱ የእርሻው ሰዎች ሠላሳ ሰባቱ እጃቸውን አወጡ። ያላወጣችው በካቴና የታሰረችው ብቻ ነበረች።