በናርማ ሰንደቅ ላይ ያለው ቀይ መስመር

የናርማ ደሴት ሰዎች ማለዳ ወደ አደባባይ ሲወጡ ሰንደቃቸው ላይ ወፏ አልነበረችም። የባሕሩ ሰማያዊና የምድሩ አረንጓዴ እንደነበሩ ናቸው፤ ጨርቁ አልተቀደደም፣ ክሩም አልተተረተረ። ደሴቲቱን የምትጠብቀው ነጭ ወፍ ግን ከመካከሉ ጠፍታለች።

የደሴቲቱ ገዥ ሽማግሌው ሐጌን ሕዝቡን ሰብስበው፣ «የዋናው ምድር ንጉሥ የላከው ዘንዶ ነጭ ነገር በጥፍሩ ይዞ ወደ ጭጋግ ዋሻ ሲበር ዓሣ አጥማጆች አይተዋል። ወፏ ከሌለች ሊወጉን የሚመጡትን የንጉሡን መርከቦች የሚመልስ ማዕበል አይነሣም» አሉ።

የሰንደቅ ጠባቂው ልጅ ይምላ ጨርቁን ጨብጣ ማለች፦ «ወፏን ሳልይዝ ተመልሼ የናርማን አፈር አልረግጥም።»

የዋሻውን መንገድ የሚያውቀው ከዋናው ምድር ተሰድዶ የመጣው ጀልበኛ ኦርጋስ ብቻ ነበር። «ልውሰድሽ» ሲላት ሕዝቡ በጎሪጥ አየው። ይምላም ጩቤዋን ታጥቃ ተሳፈረች።

በባሕሩ ላይ ኦርጋስ ደጋግሞ ወደ ኋላ ይዞር ነበር።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችው።

«ማንንም። እንዳይከተሉን ብዬ ነው።»

ውሃ ሲሰጣት «መጀመሪያ አንተ ጠጣ» አለችው። ቅር ሳይለው ጠጣ።

ዋሻው አፍ ሲደርሱ ማዕበሉ ጀልባዋን ከዓለቱ ጋር ያላትማት ጀመር። «ጀልባዋን እኔ ልያዝ» አለ ኦርጋስ። «አንቺ እርምጃሽ ቀላል ነው፤ ዘንዶው አይሰማሽም።»

«ጥለኸኝ ልትሄድ ነው። አንተ ግባ።»

«እኔን ይሰማኛል፣ ይምላ።»

«ግባ አልኩህ።»

ለረጅም ጊዜ አያትና መቅዘፊያውን አስረክቧት ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ወፏ ከጭጋጉ ወጥታ ትከሻዋ ላይ ዐረፈች። ወዲያው ዋሻው በዘንዶው ጩኸት ተናወጠ። ከውስጥ የኦርጋስ ድምፅ መጣ፦ «ቅዘፊ፤ አትጠብቂኝ።» ይምላ መቅዘፊያውን ጥላ ወደ ዋሻው ዘለለች፤ ነገር ግን ጣሪያው ተደርምሶ ዘንዶውንም ኦርጋስንም ቀበራቸው። ዓለቱን በጥፍሯ ብትቧጥጥ አልነቃነቅ አላት።

ወፏ ወደ ሰንደቋ በተመለሰች ዕለት ማዕበል ተነሥቶ የንጉሡን መርከቦች በተናቸው። ሕዝቡ ሲጨፍር ይምላ ሰንደቁን አውርዳ በሰማያዊውና በአረንጓዴው መካከል ቀጭን ቀይ መስመር መስፋት ጀመረች።

ሐጌን መጥተው፣ «ይህ ቀይ ምንድን ነው?» አሉ።

«የኦርጋስ ደም ነው።»

«የዋናው ምድር ሰው ምልክት በሰንደቃችን ላይ ይሁን ነው የምትይው?»

«ጀልባዋን ቢይዝ ኖሮ ይተርፍ ነበር፣ አባቴ። አላመንኩትም» አለች መርፌዋን ሳታቆም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጨርቁን ጫፍ ያዙና ወጠሩላት።